የማክሰኞ ቀሪዎች

በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ብዙ ነገር የገለጠልኝ የስም መጥሪያው ደብተር ነው። ሴሚስተሩ አልቆ ሮስተር ለመሥራት ቁጭ ብዬ ቀሪዎችን ስደምር፣ በሴቶቹ ስም ትይዩ ማክሰኞ ማክሰኞ የቀሪ ምልክት ተደርድሮ አገኘሁ። በወንዶቹ ስም ትይዩ እንዲህ ያለ ሰልፍ የለም። ማክሰኞ በዚያ አካባቢ የገበያ ቀን ነው። እናት ገበያ ስትወጣ ሕፃኑን የሚይዝ፣ ቤት የሚጠብቅ፣ ከብት ለሚያግደው ወንድም ምሳ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ልጅቷ ናት። የእኔ ድርብ የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ማክሰኞ ነበር። ክፍልፋይ አስተምሬ ስፈትን ሴቶቹ ወደቁ። በመምህራን ማረፊያ ሻይ እየጠጣን “ሴቶች ሒሳብ ይከብዳቸዋል” ስንባባል፣ እኔም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ነበርኩ።

በአገራችን ስለ ትምህርትና ስለ ፆታ እኩልነት ሲነሣ የሚቀድመው ጥያቄ “ስንት ሴቶች ተመዘገቡ?” የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዘመናት በሩ ተዘግቶ ኖሯልና። ምዝገባ የሚቆጠረው ግን መስከረም ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከመስከረም በኋላ ያለው ነው። ልጅቷ ለትምህርት የሚተርፍ ስንት ሰዓት አላት? ያን ሰዓትስ ማን ይወስድባታል? ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለውን መንገድ በዚህ ዐይን ስመለከተው፣ በየሪፖርቱ ለየብቻ የሚቀርቡት ችግሮች ሁሉ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻውም፣ የውኃ ቅጃውም፣ የወር አበባውም፣ የላይብረሪው መንገድም፣ ከአንድ ሥር የበቀሉ ሆነው ይታዩኛል።

በሩ እንዴት እንደተከፈተ በአጭሩ ላንሣ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራ ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቱን የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በአርበኝነት የተሳተፉ፣ በጠላት ተይዘው ጣሊያን አገር ታስረው የተመለሱ ሴት ነበሩ። ቆይተውም በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። ትምህርት ቤቱ ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 ተብሎ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በቀድሞ ስሙ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል። አዳሪነቱን ልብ በሉልኝ። አዳሪ ተማሪ ከደወል በኋላ እንስራ አትሸከምም፣ ጭስ ውስጥ አትገባም። ማታዋ የራሷ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሩ በጣም ሰፍቷል። በ1987 ዓ.ም. ገደማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ያገኝ የነበረው ከአራት ልጆች አንዱ ያህል ነው፤ ከሴቶቹማ ከአምስት አንዷ ብቻ። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 66 በመቶው ምንም እንዳልተማሩ አሳየ። በ2008ቱ ጥናት ይህ ወደ 48 በመቶ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ያልተማሩ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በትምህርት ገበታ ላይ ያሉ ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ አያንስም። በአፋርና በሶማሌ ግን ክፍተቱ ሰፊ ነው። “ወንዱ ልጅስ ተረሳ” የሚሉ ወገኖች ስለ እረኛው ልጅ የሚያነሡት እውነት አለው፤ እሱም ከክፍል የሚቀረው ሰዓቱ ስለተወሰደበት ነው።

ሕጉም ተለውጧል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከክስ ነፃ ይወጣ ነበር። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑበት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። “ድፍረት” ለተሰኘው ፊልም መነሻ የሆነው ይኸው ታሪክ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ መብት ሰጠ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ያንን የጠላፊ ማምለጫ ዘጋ። እነዚህን ሕጎች ያስገኙ ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ያም ሆኖ በ2008ቱ ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ተድረው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ “ብርሃነ ሔዋን” ላውራ፤ ከማውቃቸው ሙከራዎች ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በአማራ ክልል በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ በሞሰቦ የተካሄደ ፕሮግራም ነው። ላልተዳሩ ልጃገረዶች ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሴቶች በቡድን ያወያዩአቸዋል፣ ወላጆችም ስለ ልጆቻቸው ይመክራሉ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ እስከ መጨረሻው ለቆዩ ቤተሰቦች ደግሞ በግ ወይም ፍየል ይሰጣል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ውጤቱ አስደናቂ ነበር። ፕሮግራሙ ከሌለበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር በትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ፣ የመዳር ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከሌላው ቀበሌ ልጆች ይልቅ በብዛት የተዳሩት እነሱ ሆኑ። 

አንዳንዶች ይህን ሁለተኛውን ውጤት አይጠቅሱትም። እኔ ግን ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው እላለሁ። ደብተርና ፍየል ጋብቻን ጥቂት ዓመት ገፋው። ልጅቷ አሥራ አምስት ሲሞላትስ? ከደጇ ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ካበቃ፣ ለወላጅ የሚታየው ቀጣይ መንገድ ትዳር ነው።

ስምንተኛን ያለፈ የገጠር ልጅ ዘጠነኛን ለመማር ወረዳ ከተማ ይወርዳል። ይህን ኑሮ የማያውቅ የከተማ አንባቢ ካለ ልንገረው። ሦስት አራት ልጆች በጋራ አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ፤ እንጀራው እስከ ማክሰኞ ረቡዕ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ድርቆሽና በሶ ነው። ወንዱ ልጅ በዚህ ይጎዳል፣ ይራባል፣ ግን ይኖራል። ሴቷ ስትሆን ገና ክፍሉን ከመከራየት ነገር ይጀምራል። አባት በሩ ቁልፍ እንዳለው ያያል፣ አከራይዋ ማን እንደሆነች ይጠይቃል፣ ግቢው ውስጥ ሌላ ወንድ ተከራይ ካለ “በቃ፣ እንመለስ” ይላል። ቤቱ ቢገኝ እንኳ አከራይዋ “እግረ መንገድሽን ውኃ ቅጂልኝ፣ ቡና አፍይልኝ” ትላታለች። ወንድ ተከራይን እንዲህ ስትል አልሰማሁም። ልጅቷ የኪራዩን ገንዘብ እንደ ወንዱ ትከፍላለች፣ በላዩ ላይ ማታዋን ትጨምርበታለች። ለዚህ ነው በየወረዳ ከተማው ለልጃገረዶች የሚሠራ ማደሪያ ከብዙ ዐውደ ጥናት ይበልጣል የምለው። ጥቂት የቆርቆሮ ክፍሎች፣ አንዲት ጠባቂ እናት፣ አንድ ቧንቧና መብራት ነው የሚፈልገው።

ውኃ ካነሣሁ አይቀር ዶክተር ቦጋለች ገብሬን ሳላስታውስ ማለፍ አልችልም። ከምባታ ውስጥ ሲያድጉ ውኃ ልትቀዳ ወጣች እየተባሉ በስውር ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በኋላ እስራኤልና አሜሪካ ድረስ ተምረው፣ በ1990ዎቹ መባቻ ከእህታቸው ጋር የከምባታ ሴቶችን ማኅበር መሠረቱ፤ በአካባቢያቸው የሴት ልጅ ግርዛትና ጠለፋ እንዲቀሩ የታገሉት ትግልም በዓለም ታወቀ። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እስካረፉ ድረስ ትግሉን አልተዉትም። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ግን ያ እንስራ ነው። አንድ ልጅ ለመማር ከውኃ መቅጃው ሰዓት ላይ መስረቅ ነበረባት።

የወር አበባ ጉዳይም የሰዓት ጉዳይ ነው፤ የቀን ጉዳይ ብል ይሻላል። በር የሌለው መጸዳጃ፣ ውኃ የሌለው ግቢ፣ ሞዴስ መግዛት የማትችል ልጅ ሲገጣጠሙ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ከክፍል ይጠፋል። በመቀሌ ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2012 ዓ.ም. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ሲሸለሙ፣ ብዙ መምህራን በክፍል ውስጥ ጠርተውት የማያውቁት ነገር በአደባባይ ተነገረ። ወንድ መምህራን ይህን ማወቅ አለብን። እኔ ባስተማርኩበት ክፍል አንዲት ልጅ ሰሌዳ ላይ እንድትወጣ ጠርቻት አልነሣም ስትል “ሰነፍ” ብያታለሁ። ከቀሚሷ በስተኋላ ያለውን ያየሁት ተማሪው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ነጠላዋን አገልድማ ስትሄድ ነው። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ እንዴት እንደሚጠየቅም አላውቅም ነበር።

ክፍሉ ራሱ የሚያስተምረው ትምህርትም አለ። ክፍል የሚጠርጉት ሴቶች ናቸው፣ ለቢሮ ውኃ የሚያመጡት ሴቶች ናቸው፣ የክፍል አለቃው ወንድ ነው፣ ምክትሏ ሴት ናት። መማሪያ መጻሕፍት ከድሮው ተሻሽለዋል፤ መጥረጊያው ግን እጅ አልቀየረም።

ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን፣ የአገሪቱ ትምህርት ጉዳት ገሃድ ወጣ። ከተፈተኑት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ይህ የሁሉም ልጆች ጉዳት ነው። ነገር ግን በር እንዲህ ሲጠብ ቀድሞ የሚቀረው ማን ነው? የማጥኛ ሰዓት ያነሰው ነው። ቀድሞ ሴቶች ዝቅ ባለ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት አሠራር ነበር፤ ዛሬ በ50 በመቶው መስፈርት ሁሉም እኩል ይለካል፣ ልዩ ድጋፉ ወደ ሪሚዲያል (ማካካሻ) ትምህርት መግቢያ ነጥብ ዞሯል።

በነጥብ ስለሚሰጠው የድጋፍ እርምጃ ብዙ ተከራክረናል። “ያልደከመችበትን ሰጧት” የሚሉ አሉ። እኔ እንደ ሒሳብ መምህር አንድ ስሌት ላቅርብ። አንድ ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ በቀን ሦስት ሰዓት ሲያጠና እኅቱ አንድ ሰዓት ብቻ ብታገኝ፣ በዐርባ ሳምንት የትምህርት ዓመት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ የ400 ሰዓት ልዩነት አላቸው። በአራት ዓመት 1,600 ሰዓት ነው። ያንን ተሸክማ ከወንድሟ በጥቂት ነጥብ ብቻ ያነሰች ልጅ ያልደከመች ናት ማለት አልችልም። ስለዚህ እርምጃውን እደግፋለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ነጥብ ዝቅ ማድረግ ለመንግሥት ወጪ የለውም፤ አንዲት ደብዳቤ ትበቃለች። የጠፋውን ሰዓት መመለስ ግን ገንዘብም ሰውም ይጠይቃል፤ ስለዚህም ሳይሠራ ቀረ። ልጅቷ “በኮታ የገባች” የሚል ስም ተሸክማ ግቢ ትገባ ነበር፤ ዶርም ውስጥ ይህ ስም ከስድብ አይተናነስም ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተባረሩት ስም ሲለጠፍ፣ ኮታው ሥራውን ጨርሶ የሄደ ይመስል ነበር። የየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ቱቶሪያል ያዘጋጃል። በጊዜ ሲጀመር፣ ጥሩ ሲኒየር ሴት ተማሪዎች ሲያስተምሩት፣ ብዙ ልጆችን ያድናል። ለሚድ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው ሲጀመር ግን ጥቅሙ ለሪፖርት ብቻ ነው።

የእኅቴ ልጅ አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ስትማር የነገረችኝን ልጥቀስ። ከላይብረሪው እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ በቁጥቋጦ የተከበበ ነው፣ የመንገዱ መብራት ተበላሽቶ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሷና ጓደኞቿ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ደብተራቸውን ሰብስበው በቡድን ይወጣሉ። ወንዶቹ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ያነባሉ። “ጋሼ፣ ዶርም ውስጥ ስምንት ነን፣ እዚያ አይጠናም” አለችኝ። በአንድ ማታ አራት ሰዓት ማለት ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ በአሥራ ስድስት ሳምንት ሴሚስተር 320 ሰዓት። ያንን የሚመልሰው ፖሊሲ የኤሌክትሪክ ሠራተኛና መሰላል ነው።

ከመብራቱ የሚከፋም አለ። ውጤት በእጁ ያለ መምህር ተማሪን ቢሮ ድረስ ጠርቶ የሚጠይቀውን ሁሉም የግቢ ሰው ያውቃል፤ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ፆታዊ ትንኮሳን የሚከለክሉ ደንቦች ወጥተዋል። ነገር ግን አቤቱታዋን የሚሰማው ኮሚቴ የተከሳሹ የሥራ ባልደረቦች ሲሆኑ፣ የፈተና ወረቀቷም አሁንም እሱ ዘንድ ሲቀመጥ፣ ዝም ማለቷ አይፈረድባትም። ቢያንስ አቤት ባለችበት ቀን ወረቀቷ ሌላ አራሚ ዘንድ ይሂድ። ይህ በጀት አይፈልግም።

ከዚያ ደግሞ መንገዱ አለ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ተወሰዱ። በትግራይ የነበረው ጦርነት፣ በአማራና በኦሮሚያ ያለው ግጭት፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት አስወጥቷል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት ወንዱ ልጅ ይመለሳል፤ ሴቷ በሁለተኛው ዓመት ተድራለች፣ ወይም በደላላ በኩል ዐረብ አገር ሄዳለች። ከወሎ ስንት የስምንተኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳውዲና ቤሩት በሰው ቤት ልብስ እየተኮሰች እንዳለች የሚያውቀው አውቶቡስ ተራው ነው። እሷ የላከችው ገንዘብ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ወጪ ይችላል።

ሰላም ባለበት ከተማም ቢሆን በር መዝጋት አለ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከክፍል ሲከለከሉ የተጎዱት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ገብተው ተማሩ። ስለ ደንብ ልብስ የሚደረግ ክርክር ሁሉ አንዲትን ልጅ ከብሔራዊ ፈተና የሚያስቀር ከሆነ ሚዛኑን ስቷል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ሴቶቹ ይሳሳሉ፤ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ዘንድ ከአምስት አንድ አይሞሉም። ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር እስኪሆኑ ድረስ ዩኒቨርሲቲው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናይሮቢ ያለውን ትልቅ የነፍሳት ምርምር ተቋም ለአሥር ዓመት መርተዋል። በልጅነታቸው እምቢተኛ ስለነበሩ ለትዳር የሚፈልጋቸው እንዳልነበረ ራሳቸው ተናግረዋል። ይህን ሳነብ እምቢ ማለት ያልቻሉት ትዝ ይሉኛል። በመንደራችን “ጭምት ናት” እየተባለች የምትመሰገነው ልጅ ቀድማ ትታጫለች። ለመማር ጀግና መሆን የማያስፈልጋት ቀን እንዲመጣ እፈልጋለሁ።

ያንን ደብተር ካየሁ በኋላ ፕሮግራም አውጪውን መምህር ለምኜ ድርቡን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወደ ረቡዕ አዛወርኩት፤ ማክሰኞ በቦታው ስፖርትና ሥዕል ገቡ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሦስተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከመቶ ሠላሳ አንድ ያመጣች፣ ሰሌዳ ላይ ወጥታ የክፍልፋይ ማካፈልን ሠርታ፣ ጠመኔውን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተመለሰች። ሰባ ሁለት አመጣች። በዓመቱ ማብቂያ ዝውውር ደረሰኝና ሄድኩ። መስከረም ላይ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ስልክ ደውሎ ስለ አዲሱ ፕሮግራም ሲያወራኝ ሒሳብ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። ማክሰኞ አለኝ።